የአውቶማቲክ ካምቢዮ ስዊች ሽቦ እንዴት እንዳገናኘሁ

የእኔዋ አውቶማቲክ ኮሮላ ክረምት ሲገባ «ፒ» (ማቆሚያው) ላይ ቁልፍ ባዞር ዝም ትል ጀመር። ማርሹን «ኤን» (ዜሮ ማርሽ) ላይ ሳደርገው ግን ትነሳለች። የኋላ ማርሽ መብራቷም ሲፈልግ ይበራል፣ ሲፈልግ ይጠፋል። ሁለቱ አብረው ከመጡ ባትሪና ሞተሪኖ (ሞተሩን የሚያስነሳው) ላይ መድከም አያስፈልግም። ሁለቱም መስመሮች የሚያልፉት ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ጎን ላይ በታሰረው የማርሽ ስዊች በኩል ነው።

አንድ የባሕር ዳር ኤሌክትሪሺያን «ሁለቱን ሽቦ ቀጥታ ላገናኝልህና ትገላገላለህ» አለኝ። እርግጥ ትነሳለች፤ ግን «ዲ» (ወደፊት መንጃው) ላይም ትነሳለች። ባጃጅ ከፊት ከኋላ በሚርመሰመስበት ከተማ ይሄ አይሞከርም።

ስዊቹን ስፈታው የሶኬቱ ፒኖች አረንጓዴ ሆነዋል። ጭቃው አንድ ነገር ነው፤ እኔ ይበልጥ የምጠረጥረው ግን ላቫጆ ላይ ከሥር በኃይል የሚረጨውን ውሃ ነው።

ያገኘሁት ያገለገለ ስዊች ሶኬቱ ሌላ ዓይነት ስለነበር ሽቦዎቹን አንድ በአንድ መቀጠል ግድ ሆነ። እዚህ ላይ ቀለም አይታመንም፤ ከሞዴል ሞዴል ይለያያል። ስዊቹን ብቻውን ይዤ ቴስተሩን ድምፅ ላይ (ሁለት ፒን ሲገናኝ ይጮኻል) አደረግሁና ዘንጉን በየማርሹ አዞርኩ። በ«ፒ»ም በ«ኤን»ም የሚጮኸው አንድ ጥንድ የሞተሪኖው ነው። ከቀሩት አንዱ ፒን በየማርሹ እየተደጋገመ ይመጣል፤ 12 ቮልት የሚገባው በእሱ ነው። እሱ በ«አር» (በኋላ ማርሽ) ጊዜ የሚገናኘው ፒን ወደ መብራቱ ይሄዳል። ሁሉንም ወረቀት ላይ ጻፍኩ፣ ሽቦዎቹ ላይም ምልክት ለጠፍኩ።

ከዚያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈትቼ በካውያና በሊድ በየድኳቸው። መጋጠሚያዎቹን አንድ ቦታ አልደረደርኳቸውም፤ አንዱን ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ አድርጌ እያንዳንዱን በሙቀት በሚሸበሸብ ላስቲክ ሸፈንኩ። ገመዱንም ከሶኬቱ በታች ትንሽ አንጠልጥዬ አሰርኩት፤ ውሃ ወደ ፒኖቹ ሳይደርስ እዚያው ይንጠባጠባል።

ሲታሰር ማርሹ «ኤን» ላይ ሆኖ የስዊቹ መስመር ከዘንጉ ጎድጎድ ጋር መግጠም አለበት። ትንሽ ከዞረ ያው የድሮው ችግር ይመለሳል፣ ሽቦው ምንም ሳይሆን። ጎማዎቹን በድንጋይ ደግፌ፣ ፍሬን ረግጬ በየማርሹ ሞከርኩ፦ በ«አር» እና በ«ዲ» ሞተሪኖው መንቃት የለበትም። ክሩስኮቶው (ዳሽቦርዱ) የሚያሳየው ማርሽ ከእጀታው ጋር ካልተስማማ ብሎኑን አላልቶ ስዊቹን በጥቂቱ ማዞር ነው።