ቡችላ ፍለጋ ወደ ወሎ

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ይህን ሁሉ መንገድ ለውሻ ብሎ የሚጓዝ ሰው መኖሩን አውቶቡስ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጡት አዛውንት ማመን አልቻሉም። «ምነው፣ ሰፈራችሁ ውሻ ጠፋ?» አሉኝ። የምፈልገው ጀርመን ሼፐርድ መሆኑን ስነግራቸው ምን እንደሚሠራ ጠየቁ። ማክስ ፎን ስቴፋኒትዝ የተባለ ጀርመናዊ የፈረሰኛ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1899 ከበግ ጠባቂ ውሾች መርጦ ያቋቋመው ዘር እንደሆነ አስረዳኋቸው። «የእኛም በግ ይጠብቃል፤ ያውም ሳይመረጥ» ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ከጣርማ በር ብርድ ወደ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ስንወርድ ጆሮዬ ተደፈነ። ቡችላ ታቅፌ በዚህ ቁልቁለት ስመለስ ምን ሊሆን እንደሚችል ማሰብ የጀመርኩት እዚያ ነው። ከሚሴንና ኮምቦልቻን አልፈን ሲመሻሽ ደሴ ገባን።

በማግሥቱ ጠዋት አንድ ደላላ ካርቶን ተሸክሞ ሆቴሌ በር ላይ ቆመ። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ቡችላ «ሁለት ወር ሞልቶታል» አለኝ። አፉን ከፍቼ ሳይ ግን የኋላ ጥርሶቹ ገና ከድዱ ብቅ እያሉ ነበር፤ በስምንት ሳምንት ሃያ ስምንቱም የወተት ጥርሶች መውጣት ነበረባቸው። ሆዱ ተነፍቷል፣ ዓይኑ ያዣል። ጆሮው አለመቆሙ አላሳሰበኝም፤ የዚህ ዘር ጆሮ ብዙውን ጊዜ ከሦስት ወር በኋላ ነው የሚቆመው። እናቱ የት እንዳለች ስጠይቅ «ገጠር ናት» ተባልኩ። የየትኛው ገጠር እንደሆነች መልስ አልነበረውም። አሳዘነኝ፤ ነገር ግን በሐዘኔታ የሚገዛ ሰው ደላላው ሳምንት ሌላ ካርቶን ይዞ እንዲመጣ ነው የሚከፍለው።

ከሰዓት በኋላ ጠመዝማዛውን መንገድ ወርጄ ኮምቦልቻ ሄድኩ። የመጣሁት ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ» ወደሚላቸው፣ ውሻ ወደሚያራቡ ጡረተኛ መምህርት ነበር። ከሰላምታ በኋላ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ዛሬ ሌላ ውሻ ነክቼ እንደሆነ ነበር። የጠዋቱን ስነግራቸው የግቢውን በር ገርበብ አደረጉት።

«ዛሬማ አይሆንም ልጄ። ሂድና ታጠብ፣ ልብስህን ቀይር፣ ነገ ና።»

ፓርቮ የሚባለው ቫይረስ በጫማና በልብስ ይገባል፤ አፈር ውስጥም ወራት ይቆያል፤ ያልተከተበ ቡችላ በተቅማጥና በትውከት በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ገንዘብ ይዞ የመጣን ገዢ ከበር መመለሳቸው ከማንኛውም የዘር ወረቀት በላይ አሳመነኝ።

በማግሥቱ የጫማዬን ሶል በረኪና ባለበት ውሃ አስነክረው አስገቡኝ። ቡችሎቹን ከማየቴ በፊት ግን ተመረመርኩ። ግቢዬ አጥር አለው? ቀን ቀን ቤት ማን ይውላል? ከዚህ በፊት የነበረኝ ውሻ በምን ሞተ? ልጃቸውን ለጋብቻ የጠየቅሁ ያህል ላብ አላበኝ።

እናቲቱ መጥታ አሸተተችኝና ሄዳ ተኛች። አልደነበረችም፣ ጥርሷንም አላሳየችም። ድንጉጥ እናት ድንጉጥ ልጅ ታሳድጋለች፤ በደምም በምሳሌም። ስለ አባትየው ዝምድና ስጠይቅ እትዬ ሳቁ፦ «እኛ ለጋብቻ ሰባት ቤት እንቆጥራለን፤ ውሻ ሲሆን ግን አባትን ከልጁ የሚያዳቅል ሞልቷል።» እሳቸው አባትየውን ያስመጡት ከሌላ ከተማ ነው። በዚህ ዘር ላይ የሚበዛውን የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር በተመለከተ ራጅ እንዳላስነሱ አልደበቁኝም። ከተቀመጠበት ሲነሳና አቀበት ሲወጣ አየሁት፤ አያነክስም። ይህ ዋስትና አይደለም፤ ችግሩ ቀላል ከሆነ በአረማመድ አይታወቅም።

ቡችሎቹ ገና ስድስት ሳምንታቸው ነው። እትዬ የቆርቆሮ ሳህን ሲሚንቶው ላይ ጣሉ። ሁሉም ሸሹ፤ አንዲት ሴት ቡችላ ግን ወዲያው ተመልሳ ሳህኑን ላሰች። ድዷ ሮዝ ነው፣ እምብርቷ አላበጠም፣ ከጅራቷ ሥር ንጹሕ ናት። በካርዷ ላይ ከክትባቱ ብልቃጥ የተላጠው ምልክት ተለጥፏል፤ ከሁለተኛ ሳምንቷ ጀምሮ የትል መድኃኒት የወሰደችባቸው ቀናትም ተጽፈዋል። እሷን አልኩ።

ቡና ተፈላ። ጎረቤታቸው ሐጂ ሲገቡ ቡችሎቹ ወደ ጓሮ ተወሰዱ። ሐጂ «ለጥበቃ ከሆነ ይፈቀዳል፤ ምራቁ ብቻ ልብሴን አይንካኝ» ብለው እስከ በረካ ተቀምጠው ስለ ዋጋው ተከራከሩልኝ።

ዋጋው አልቀነሰም። ቡችላዪቱም ስምንት ሳምንት ሳይሞላት አትወጣም፤ ንክሻዋን መመጠን የምትማረው ከወንድሞቿ ጋር ስትታገል ነው። ቀብድ ከፍዬ ውል ተፈራረምን። ከወሰድኳት በኋላ በሦስት ቀን ውስጥ በሐኪም አስመረምራለሁ፤ ማሳደግ ካቃተኝ ለሌላ ሳልሸጥ ለእሳቸው እመልሳለሁ።

ለመመለሻው የጓደኛዬን መኪና ለምኛለሁ። እንዳያስመልሳት ከመነሳታችን በፊት ለጥቂት ሰዓታት ምግብ አትበላም። ተከታታይ ክትባቷ አስራ ስድስት ሳምንት እስኪሆናት ስለማያልቅ መንገድ ላይ መሬት አላስረግጣትም፤ ደብረ ሲና ላይም ጓደኛዬ ቆሎ ሊገዛ ሲወርድ እኔ ከእሷ ጋር መኪና ውስጥ እቆያለሁ።