«እሱ እኮ ዝምተኛ ነው»

ለገሃር አካባቢ ያለው መሥሪያ ቤታችን ባለፈው ክረምት ሥልጠና ሰጥቶን ነበር። የጠባይ መጠይቅ ሞላን። ለያንዳንዳችን አራት አራት የእንግሊዝኛ ፊደል ደረሰን። የሰው ልጅ በ16 ዓይነት ይመደባል ተባልን። ሂሳብ ክፍል ላለው ባልደረባችን ከአራቱ አንዱ «አይ» (I) ወጣለት፤ ቁጥብ፣ ብቻውን መሆን የሚወድ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ደንበኛ የሚያነጋግር ሰው ሲፈለግ ስሙም አይነሳ። «እሱ እኮ ዝምተኛ ነው» ይባልና ያልቃል።

በቀደም አፍንጮ በር ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። ድንኳን የሚያስተክለው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? እሱ! እጅጌውን ሰብስቦ «ያንን ገመድ ወጥር፣ ዝናቡ መጣ እኮ!» ይላል፤ ድምፁ አስፋልቱ ድረስ ይሰማል። አግዳሚ ያስደረድራል። ንፍሮ ያስዞራል። አንዲት እናት ሲገቡ ሮጦ ክንዳቸውን ያዘና ጥግ ጥጉን አሳልፎ ከሐዘንተኞቹ አጠገብ አስቀመጣቸው። የእድሩ ሰዎች «ያለ እሱማ አይሆንልንም» አሉኝ።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዋልተር ሚሼል እ.ኤ.አ. በ1968 ይህንኑ ጽፎ ነበር። ሰው አንድ ቦታ የሚያሳየው ጠባይ ሌላ ቦታ ከሚያሳየው ጋር ያለው ዝምድና ብዙውን ጊዜ ከ0.30 አያልፍም ብሎ። ሙሉ ዝምድና 1 ነው።

ጠባይ የሚባል ነገር የለም እያልኩ አይደለም። ሰውን በብዙ ቦታ፣ ለረጅም ጊዜ ያየ ሰው ደህና አድርጎ ይገምታል። ፊደሉ ግን ሰውን መሐል ላይ ቆርጦ ለሁለት ይከፍላል። ለጥቂት ወዲህ ያለው ዝምተኛ፣ ለጥቂት ወዲያ ያለው ተጫዋች ይሆናል። አብዛኞቻችን ደግሞ ያለነው እዚያው መሐል አካባቢ ነው።

ታዲያ ለምን «ልክ እኔን!» እንላለን? በርትራም ፎረር የሚባል መምህር እ.ኤ.አ. በ1948 ለ39 ተማሪዎቹ የጠባይ ትንታኔ ሰጣቸው። ምን ያህል እንደሚገልጻቸው ሲጠየቁ ከ5 በአማካይ 4.26 ሰጡት። የሁሉም ወረቀት ግን አንድ ዓይነት ነበር፤ ብዙውን የወሰደው ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነው። እኛም አገር ኮከብ ለማወቅ የስምና የእናት ስም ፊደላት ቁጥር ተደምሮ በ12 ይገደፋል። አክስቴ ኮከቧ የሚላትን አንድ በአንድ ታምናለች። ቢያንስ እሷ በዚያ ሰው ሥራ አትከለክልም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ሰኞ ባልደረባዬን ደንበኛ መቀበያው ላይ መሥራት ትፈልጋለህ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። «ደስ ይለኛል፤ ማን ጠየቀኝ?» አለኝ። ከሰዓት አለቃችን ጋ ገብቼ ለአንድ ወር ይሞከር አልኩ። መልሱን እየጠበቅን ነው።