ሚዛንና መዝገብ ፍለጋ፦ ከሃርትፎርድ እስከ ብሪስቶል

ለንደን ገብቶ ወደ ሃርትፎርድ የሚሮጥ ጎብኚ ብዙ ያለ አይመስለኝም። ከለንደን በስተሰሜን በባቡር አንድ ሰዓት ሳይሞላ የሚደረስባት ትንሽ ከተማ ናት። ሊ የሚባለው ወንዝ ያቋርጣታል። ቆንጆ ናት፤ እኔን የሳበኝ ግን ቁንጅናዋ አይደለም። የሕፃናት ክብደት የተጻፈበት አሮጌ መዝገብ ነው።

አብራኝ የሄደችው ጓደኛዬ አዋላጅ ነርስ ናት። «ሥራ ላይ ሕፃን ስመዝን እውላለሁ፤ ለዕረፍት ወጥቼም ሚዛን?» እያለች ባቡር ውስጥ ስትቀልድብኝ ነበር። ቢሆንም ነገሩ ከእኔ ይልቅ እሷን ነው የያዛት።

ታሪኩ እንዲህ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በ1900ዎቹ መጀመሪያ እንግሊዝ ውስጥ ከሚወለዱ 10 ሕፃናት ቢያንስ አንዱ አንድ ዓመት ሳይሞላው ይሞት ነበር። በዚያ ላይ እንግሊዝ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ለተዋጋችው የቦር ጦርነት ሊመዘገቡ ከመጡት ወጣቶች ብዙዎቹ ለውትድርና የማይበቁ ሆነው ተገኙ። አገሩ ደነገጠ። በሃርትፎርድሺር የአዋላጆች ተቆጣጣሪ የነበሩት ኤተል ማርጋሬት በርንሳይድ አንድ ሥርዓት ዘረጉ። ከ1911 ጀምሮ ሕፃን ሲወለድ አዋላጇ ትመዝነዋለች። ከዚያ አንዲት ነርስ ዓመቱን ሙሉ ቤቱ እየተመላለሰች ታየዋለች። ጡት ይጠባል ወይስ በጡጦ ነው? ጥርስ አወጣ? በአንድ ዓመቱ ስንት መዘነ? ሁሉም በትልልቅ መዝገቦች ላይ በእጅ ይጻፋል። ይህ እስከ 1948 ድረስ ቀጠለ።

የአውራጃው አስተዳደር ሕንፃ ከከተማው ከፍ ብሎ ኮረብታ ላይ ተቀምጧል። በ1930ዎቹ መጨረሻ የተሠራ የጡብ ሕንፃ ነው፤ ለፎቶ ካልሆነ በቀር ብዙ የሚያስቆም ነገር የለውም። መዝገቦቹን እንደ ልብ ገልጦ ማየት አይቻልም። ደግሞም ልክ ነው፤ የሰው ስምና የሰው ገመና ነው። እኛ በጥናት ጽሑፎች ላይ የታተመውን የአንድ ገጽ ፎቶ ስልካችን ላይ ከፍተን እዚያው ደጅ ቁጭ አልን።

ጓደኛዬ ፎቶውን አሳድጋ አየች፤ መልሳ አየች። «የልደት ክብደቱስ ይሁን» አለች። «እናትየው እጃችን ላይ እያለች ነው የምንመዝነው። የአንድ ዓመቱ ነው ጉዱ። ዓመት ሙሉ ቤት ለቤት ማን ይመላለሳል? ያውም ተመዝኖ፣ ያውም ተጽፎ፣ ያውም ሳይጠፋ!»

ሳይጠፋ የሚለው ቃሏ ላይ እኔም ቆምኩ። ምክንያቱም መዝገቦቹ የሠሩት ትልቁ ሥራ የመጣው ነርሶቹ ጡረታ ከወጡ ከስንት ዘመን በኋላ ነው። በ1980ዎቹ በሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ዴቪድ ባርከር አንድ ነገር ግራ ገባቸው። የልብ ሕመም የድሎት በሽታ ነው ይባላል። ካርታው ላይ ሲያዩት ግን በልብ ሕመም ብዙ ሰው የሚሞተው በድሮ ጊዜ ብዙ ሕፃናት ይሞቱባቸው በነበሩ ድሃ አካባቢዎች ነው። ታዲያ ነገሩ ከልጅነት ይጀምር ይሆን? ይህን ለማየት የድሮ ሕፃናት ክብደት ያስፈልጋል። የሃርትፎርድሺር መዝገብ የተገኘው እዚህ ላይ ነው።

ባርከርና ባልደረቦቻቸው በ1911 እና በ1930 መካከል የተወለዱ 5,654 ወንዶችን ተከታትለው በ1989 ውጤቱን አወጡ። ሲወለዱም፣ አንድ ዓመት ሲሞላቸውም ክብደታቸው ዝቅ ያለው፣ አድገው በልብ ሕመም የመሞት ዕድላቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። በአንድ ዓመታቸው 8 ኪሎ ገደማ ወይም ከዚያ በታች የነበሩት 12 ኪሎ ካለፉት ጋር ሲነጻጸሩ ልዩነቱ ከእጥፍ በላይ ነበር።

ይህን ሲያነቡ የሚደነግጡ ወላጆች አሉ። ቀላል ሆኖ የተወለደ ሁሉ ይታመማል ማለት ግን አይደለም። ቁጥሩ ስለ ብዙ ሰው አማካይ ነው የሚናገረው። ድህነትም አብሮ ይገባበታል፤ በማኅፀን የጎደለበት ልጅ ብዙ ጊዜ ከተወለደም በኋላ ይጎድልበታል፣ ሁለቱን መለየት ቀላል አይደለም። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው በዚህ ለዓመታት ተከራክረዋል። ያም ሆኖ ሐሳቡ አልወደቀም። ሌሎች አገሮች ውስጥ እየተፈተሸ ዛሬ ድረስ ቆሟል።

በማግስቱ ለንደን ብሉምስበሪን ዞርን። ዩኒቨርሲቲውና መጻሕፍት ቤቱ የበዛበት ሰፈር ነው። በዚህ በኩል ስታልፉ የምታዩት ነገር የለም፤ የቢሮ በርና ደረጃ ብቻ። ግን በ1946 የተወለዱትን ሕፃናት እስከ ሽምግልና የሚከታተለው ጥናት የሚመራው ከዚህ ሰፈር ነው። ሐኪሙ ጄምስ ዳግላስ የጀመሩት። በመጋቢት 1946 በአንድ ሳምንት ውስጥ በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድና በዌልስ ከወለዱ እናቶች 13,687 ያህሉ ተጠየቁ፤ ከእነሱ ልጆች 5,362 ተመርጠው ክትትሉ ቀጠለ። የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ልብም ስለ እርጅናም አልነበረም። መውለድ ቤተሰብን ስንት ያስወጣል፣ የወሊድ አገልግሎቱስ ለማን ይደርሳል የሚል ነበር። እነዚያ ሕፃናት አድገው 53 ዓመት ሲሞላቸው የእጃቸው ጥንካሬ ተለካ። ሲወለዱ ከበድ ያሉት ጠንከር ብለው ተገኙ። ዳግላስ በ1946 ይህን ሊጠይቁ ቀርቶ ሊያልሙትም አይችሉም።

ተሳታፊዎቹ በየዓመቱ የልደት ካርድ ይላክላቸዋል። ጓደኛዬ ይህን ወደደችው። እኔ ደግሞ የሚቆረቁረኝ ሌላ ነገር ነበር። ለክትትሉ ሲመረጥ መንትዮችና ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆች ተተዉ። ለስሌት ይመች ይሆናል። ግን በዚያ ዘመን ከማንም በላይ የተቸገረችው ያለ ባል የወለደችው እናት አልነበረችም? ልጇ እንዴት እንዳደገ ይህ ክትትል ምንም አይነግረንም።

ወደ ብሪስቶል ከለንደን ፓዲንግተን ጣቢያ ነው የሚኬደው፤ ሁለት ሰዓት አይፈጅም። ከተማዋ ዳገታም ናት፣ እግር ታደክማለች። ስለ ታዋቂው ተንጠልጣይ ድልድይ የጻፉ ሞልተዋል፤ አይተነዋል፣ ያምራል፣ ይበቃል። እኛ የወጣነው ክሊፍተን አካባቢ ወዳለው ኦክፊልድ ሃውስ ነው። «የ90ዎቹ ልጆች» በሚል ስም የሚታወቀው ጥናት ቤት ነው።

ዣን ጎልዲንግ የጀመሩት ይህ ጥናት ከሃርትፎርዱ በተቃራኒ ከማኅፀን ነው የሚነሳው። ከሚያዝያ 1991 እስከ ታኅሣሥ 1992 ይወልዳሉ ተብለው የተጠበቁ እናቶች ገና በእርግዝና ሳሉ ተመዘገቡ፤ 14,541 እርግዝና። መጠይቅ ብቻ አይምሰላችሁ። ደም፣ ፀጉር፣ ጥፍር፣ የወተት ጥርስ ሳይቀር ተሰበሰበ። በሺዎች የሚቆጠር የእንግዴ ልጅም እንዲሁ።

«የእንግዴ ልጅ?» ጓደኛዬ መንገድ ላይ ቆመች። «እኛ እኮ ሙሉ መሆኑን አይተን ነው የምንጥለው። ምን ሊያደርጉት?»

መልሱ ያኔ በደንብ አለመታወቁ ነው የሚገርመው። ናሙናው መሰብሰብ ሲጀምር የሰው ዘረመል ገና ተነቦ አላለቀም ነበር። ዛሬ ከዚያ ደም የሚወጣው ዲኤንኤ ስንት ጥናት እየመገበ ነው። ሌላ ምሳሌ ልጨምር። በ2003 ከዚሁ ጥናት የወጣ ሥራ፣ የለውዝ ዘይት ያለበት ቅባት ቆዳቸውን የተቀቡ ሕፃናት ላይ የለውዝ አለርጂ በዝቶ እንደታየ አሳየ። የትኛው ቅባት እንደተቀባ የታወቀው ወላጆቹ ከዓመታት በኋላ ተጠይቀው ነው፤ ማንን መጠየቅ እንዳለባቸው ያሳያቸው ግን መዝገቡ ነው። አሁን ደግሞ የ90ዎቹ ልጆች ራሳቸው ወልደው ልጆቻቸው እየተመዘገቡ ነው።

ምሳ ላይ ክርክራችን ጥናቱን ስላቋረጡት ሰዎች ሆነ። ዓመታት ሲያልፉ ሰው ይሰለቻል፣ ይዛወራል፣ ደብዳቤ መመለስ ያቆማል። ብሪስቶልም ውስጥ ቶሎ ያቋረጡት በብዛት ኑሮ የከበዳቸው ናቸው። እንግዲህ ጥናቱ እያረጀ ሲሄድ ደህና የሚኖሩትን ይዞ ይቀራል ማለት ነው። ለእኔ የዚህ ሥራ ትልቁ ፈተና ይሄ ነው፤ ከላቦራቶሪውም ከኮምፒውተሩም በላይ።

መፍትሔ የለውም አይባልም። ኒውዚላንድ ዱኔዲን ውስጥ በ1972 እና በ1973 የተወለዱ 1,037 ልጆች የሚከታተል ጥናት አለ። ሰዎቹ የትም አገር ይኑሩ፣ ለምርመራ ሲጠሩ የአውሮፕላን ወጪያቸው ይሸፈናል። በ45 ዓመታቸው በሕይወት ካሉት 94 በመቶው ቀርበዋል። ጓደኛዬ ግን አልተደነቀችም። «ነገሩ ቲኬት ብቻ አይደለም» አለች። «ሰው የሚመለሰው በስሙ ለሚያውቀው ሰው ነው። የሃርትፎርድ ነርሶች ቲኬት አልቆረጡም፤ በር ነው ያንኳኩት።»

እሷን ልጅ ብትወልጂ ታስመዘግቢዋለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። እስኪ መጀመሪያ ልጁ አድጎ አልፈልግም ካለ መውጣት መቻሉን ያሳዩኝ አለች። ልክ ናት፤ ፈቃዱን የሰጠችው እናት ናት፣ የሚኖርበት ግን ልጁ ነው።

ለምትሄዱ፦ ኦክፊልድ ሃውስ ሙዚየም አይደለም፣ ከደጅ አይታችሁ ትመለሳላችሁ። የሃርትፎርድሺርን ቤተ መዛግብት ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ ጻፉላቸው። ሃርትፎርድ ሁለት የባቡር ጣቢያ አላት፣ ምሥራቅና ሰሜን፤ መነሻቸውም አንድ አይደለምና ቲኬታችሁ የየትኛው እንደሆነ ሳታዩ አትሣፈሩ።