ከአተላ ጋር የተጣላችው ሴት

ሜሊታ ቤንትስ ጀርመን አገር፣ ድሬስደን ከተማ ልጆች የምታሳድግ የቤት እመቤት ነበረች። የተወለደችው በ1873 እ.ኤ.አ. ነው። ጅማ ላይ ቡና አፍልቼ ለማድረው ለእኔ፣ ከፈጠራ ሰዎች ሁሉ የእሷን ያህል የሚቀርበኝ የለም፤ የተጣላችው ከአተላ ጋር ነውና።

በዚያ ዘመን እዚያ አገር ቡናው በጨርቅ ይጠለል ነበር። ጨርቅ ደግሞ ቢያጥቡትም በደንብ አይጠራም፤ የትናንቱ ቡና ሽታ ይቀርበታል። ካልተጠለለ አተላው ሲኒ ውስጥ ይወርዳል፤ ብዙ ከፈላም ይመርራል። ሜሊታ የናስ ጣሳ አነሳችና ሥሩን በምስማር በሳሳችው። ከልጇ ደብተር ቀለም መምጠጫ ወረቀት ቀድዳ ውስጡ አነጠፈች። የተፈጨ ቡና ጨምራ ፍል ውኃ አፈሰሰችበት፤ ጥርት ያለ ቡና ጠብ ጠብ እያለ ወረደ።

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ቀጥሎ ያደረገችው ነው፦ ወረቀቷንና ጣሳዋን ይዛ ልታስመዘግብ ሄደች። ጁን 20 ቀን 1908 በርሊን ያለው የፓተንት (የፈጠራ መብት) መሥሪያ ቤት መዘገበላት። በዚያው ዓመት ዲሴምበር በ73 ፌኒግ፣ በጀርመን ሳንቲም፣ ድርጅት አቋቋመች። አንድ ማርክ እንኳ አይሞላም! ሥራው የተጀመረው በመኖሪያ ቤታቸው ነው፤ ባሏ ሁጎም ልጆቿም አብረዋት ሠሩ። በ1909 ላይፕዚግ የንግድ ትርኢት ላይ ከ1,200 በላይ ማጥለያ ሸጡ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሁጎ ሲዘምት፣ እሷ ካርቶን እየሸጠች ቤተሰቡን ይዛ ቆየች። በ1929 ፋብሪካው ወደ ሚንደን ተዛወረ። ለሠራተኞቿም የገና ጉርሻና በሳምንት አምስት ቀን የሥራ ጊዜ ፈቀደችላቸው፤ ዓመታዊ ዕረፍታቸውም እስከ 15 ቀን ደረሰ። በ1950 አረፈች።

ከውጭ የመጣ ደንበኛዬ የሰጠኝን የወረቀት ማጥለያ በእኛው ቡና ሞክሬዋለሁ። አተላ የሚባል ነገር የለም፤ የሲኒው ሥር ይታያል። ነገር ግን ወረቀቱ የቡናውን ዘይት ይዞ ያስቀረዋል፤ ላዩ ላይ ያ ወዝ የለም፣ አፍ ላይም ይቀጥናል። ደግሞ አንዴ ከወረደ ወረደ ነው፤ ቶናና በረካ አይወጣውም። ለእነሱ አጠጣጥ ተስማሚ ነው፤ ለእኛ ግን መፍትሔው ከጀበናው መምጣት አለበት። ደንበኛ ቸኩሎ እስኪሰክን መጠበቅ ሲያቅተው የሚሆነውን የምናውቀው እኛ ነን።

መፍትሔውም እየመጣ ነው። ጀበና የሚሠሩልኝ እናት አንገቱ ውስጥ አንድ ነገር ጨምረውበት አተላውን የሚያስቀር ጀበና ሠርተዋል። ዝርዝሩን እዚህ አልጽፍም፣ ገና አልተመዘገበም። ሰክኖ ሳያበቃ እንኳ ሲቀዳ የመጨረሻው ሲኒ እንደ መጀመሪያው ይጠራል፤ ሦስቱንም ዙር ያወጣል።

«እማማ፣ ይሄ እኮ ይመዘገባል» አልኳቸው።

«ጭቃ ደሞ ምን ብሎ ይመዘገባል፣ ልጄ?»

«የጀርመኗም እኮ ጣሳና ወረቀት ነበር» ብዬ የሜሊታን ታሪክ ከመጀመሪያው ነገርኳቸው። ስለ 73ቱ ፌኒግ ስነግራቸው እጃቸውን ከጭቃው አውጥተው ደግመው አስነገሩኝ።

እኛም አገር አዋጅ ቁጥር 123/1987 «አነስተኛ ፈጠራ» ብሎ እንዲህ ያለውን ይመዘግባል። ጀርመኖች ለሜሊታ የሰጧትም ከዚሁ ዓይነት ነው። ምስክር ወረቀቱ ለ5 ዓመት ይጸናል፣ ለሌላ 5 ዓመትም ይታደሳል። የጅማ ሸክላ ሠሪዎች ስንት ጊዜ ጀበናውን አሻሽለውት ይሆን? የአንዳቸውም ስም በወረቀት ሰፍሮ አላየሁም። እኚህ እናት ግን በስማቸው እንዲመዘገብላቸው እፈልጋለሁ፤ በእኔም፣ በልጃቸውም ስም ሳይሆን በራሳቸው።

ማመልከቻው መግለጫና ንድፍ ይፈልጋል። መግለጫውን እሳቸው እየነገሩኝ እኔ ጀምሬዋለሁ። ንድፉን በልኩ የሚስል ሰው ግን አጥተናል። ጅማ ያላችሁ፣ በተለይ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ተማሪዎች፣ መርካቶ አጠገብ ከሰዓት በኋላ ብቅ በሉ፤ ቡናው በእኔ ነው።