ወጣ ስላሉ ሰዎች ማንበብ፦ ከክበባችን የምርጫ ማስታወሻ

የንባብ ክበባችን ወጣ ስላሉ ሰዎች የተጻፉ መጻሕፍትን ማንበብ ከጀመረ ሰንበትበት ብሏል። ማንም በማይሄድበት መንገድ የሚሄዱ፣ ያያቸው ሁሉ «ይሄ ሰው ጤነኛ ነው?» የሚልላቸው ዓይነት ሰዎች። እንዲህ ያለ ገፀ ባሕርይ የማይወድ አንባቢ ብዙም አላጋጠመኝም። ከባዱ ነገር ለውይይት የሚሆነውን መጽሐፍ መምረጡ ነው። ተመሳሳይ ክበብ ላላችሁ ይጠቅማል ብዬ እስካሁን የደረስንበትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ላይ መጽሐፍ ሲቀርብ የምንጠይቀው «ሰውየው ምን ያህል ይገርማል?» ብለን ነበር። አሁን ቀድመን የምንጠይቀው «ታሪኩን የሚነግረን ማነው?» ብለን ነው። አፈንጋጭ ሰው ብቻውን ቢቀመጥ ለውይይት ብዙም አይሆንም። አጠገቡ ቆሞ የሚያየው፣ የሚናደድበት፣ የሚቀናበት ወይም የሚያፍርበት ሰው ሲኖር ነው ነገሩ የሚሟሟቀው። እኛ አንባቢዎቹም ብዙ ጊዜ የምንቆመው ከዚያ ሰው ጎን ነው።

ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳየን የሄርማን ሜልቪል «ባርትልቢ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1853 የወጣ፣ በአንድ ምሽት የሚያልቅ ታሪክ ነው። ባርትልቢ ኒውዮርክ ዎል ስትሪት ላይ ባለ የጠበቃ ቢሮ ውስጥ በሰነድ ገልባጭነት ይቀጠራል። ሥራውን ሲጀምር ቀን ከሌት ይገለብጣል። አንድ ቀን ግልባጩን እንዲያመሳክር ሲጠራ በለስላሳ ግን በጸና ድምፅ፣ «ባላደርገው ይሻለኛል» ይላል። አይቆጣም፣ ምክንያትም አይሰጥም። ቀስ በቀስ ሁሉንም ሥራ እንዲሁ እያለ ይተወዋል። ከቢሮው ውጣ ሲባልም አይወጣም።

ተራኪው ጠበቃው ነው። እኛ ጮክ ብለን ያነበብነው የእሑዱን ጠዋት ነው። ጠበቃው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ቢሮው ጎራ ይላል። ቁልፉን ሲያስገባ ከውስጥ በኩል የሆነ ነገር አላስገባ ይለዋል። በሩን የሚከፍትለት ባርትልቢ ነው፣ በሸሚዝ ብቻ። አሁን ሊያስገባው እንደማይችል፣ ትንሽ ዞር ዞር ብሎ ቢመለስ እንደሚሻል በትሕትና ይነግረዋል። ጠበቃውም ከገዛ ቢሮው ደጃፍ ይመለሳል! ተመልሶ ሲመጣ ማንም የለም። ጠረጴዛ ሥር የተጠቀለለ ብርድ ልብስ፣ ወንበር ላይ የቆርቆሮ መታጠቢያ ከሳሙናና ከተበጫጨቀ ፎጣ ጋር፣ ጋዜጣ ላይ የብስኩት ፍርፋሪና ቁራሽ አይብ ያገኛል። ሰውየው እዚያው ነው የሚኖረው። ጠበቃው በጣም ያዝናል። ትንሽ ቆይቶ ሐዘኔታው ወደ ፍርሃት፣ ከዚያም ወደ መሸሽ ሲለወጥ ራሱ ይነግረናል።

ውይይቱ ለሁለት የተከፈለው እዚህ ላይ ነው። አንዷ አባል «ጠበቃው ከዚህ በላይ ምን ያድርግ? ቤቴ እንሂድ ብሎታል እኮ» አለች። ሌላው ደግሞ «ሊያስወጣው ሲያቅተው ቢሮውን ለቆ የሸሸ ሰው ነው» ብሎ ሞገተ። ሁለቱም ገጽ እየጠቀሱ ነበር። ለክበብ የሚሆን መጽሐፍ ማለት ለእኔ ይሄ ነው፤ ተቃራኒ ሐሳብ ያላቸው ሰዎች ሁለቱም ከመጽሐፉ ማስረጃ የሚያገኙበት።

ከዚያ በኋላ አፈንጋጩ ራሱ የሚናገርበትን መጽሐፍ ፈለግን። ሳያካ ሙራታ እ.ኤ.አ. በ2016 አኩታጋዋ የተባለውን የጃፓን ሽልማት ያገኘችበት አጭር ልቦለድ አለ፤ ስለ አንዲት የሚኒማርኬት ሠራተኛ ነው። ኬይኮ 36 ዓመቷ ነው። ግማሽ ዕድሜዋን ያሳለፈችው በዚያ ሱቅ ነው። ማግባትም ሆነ ሌላ ሥራ አያምራትም። ሰው የሚያዝንላት ለምን እንደሆነ አይገባትም፣ ስለዚህ የሥራ ባልደረቦቿን አነጋገርና አለባበስ እየቀዳች ሰው ለመምሰል ትጥራለች። በእሷ ዓይን ሲታይ እንግዳው ነገር የእኛ ኑሮ ነው። ደራሲዋ ራሷም ሚኒማርኬት ውስጥ እየሠራች ትጽፍ ስለነበር የሱቁ ነገር ሁሉ፣ የበሩ ድምፅ፣ የዕቃ አደራደሩ፣ የሰላምታው ሥርዓት፣ ሕይወት አለው።

በዚህ መጽሐፍ ላይ አንድ ደንብ አወጣን። አንድ ሰው ገና ከመጀመሩ የሕመም ስም ለኬይኮ ከለጠፈላት ውይይቱ ይዘጋል። ሁሉም «አሃ፣ ለካ እንዲህ ነው» ብሎ ያርፋል። መጽሐፉ ግን ምንም ስም አይሰጣትም። ስለዚህ አሁን አወያያችን በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ የሕመም ስም መለጠፍ አይፈቅድም። ስለ ባሕርይዋ የሚናገር ሰው መጀመሪያ ያደረገችውን ወይም ያለችውን ነገር ከገጹ ያነብባል። ይህን ደንብ ለማንም ክበብ እመክራለሁ። ውይይታችን ባንዴ ጠለቅ አለ።

ደቡብ ኮሪያዊቷ ደራሲ ሃን ካንግ እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተመችው፣ ሥጋ መብላት ስላቆመችው ሴት የሚተርከው ልቦለድ የዚህ ተቃራኒ ነው። ሦስት ክፍል አለው። የመጀመሪያው በባሏ አንደበት ነው፤ ሁለተኛው የእህቷን ባል፣ ሦስተኛው እህቷን ይከተላል። ከጥቂት የሕልም ቁርጥራጮች በቀር የራሷን ድምፅ አንሰማም። ሁሉም ያወራላታል፣ ማንም አይጠይቃትም። ከኬይኮ ቀጥሎ ብታነቡት ልዩነቱ ፍንትው ይላል። ከበድ ያሉ ትዕይንቶች ስላሉት ግን ለአባላት አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። ነገሩ ሲከብደን ያስከተልነው የጣሊያናዊውን ደራሲ የኢታሎ ካልቪኖን፣ ስለ አንድ ባሮን (መኳንንት) የሚተርከውን ልቦለድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣ መጽሐፍ ነው። የ12 ዓመቱ ኮዚሞ ቀንድ አውጣ አልበላም ብሎ ዛፍ ላይ ይወጣል፤ ከዚያም መሬት አይረግጥም። የሚተርክልን ታናሽ ወንድሙ ነው፣ ፍቅሩም ቅናቱም ይሰማል። ኮዚሞ ልቦለድ የሚያውሰው ሽፍታ የንባብ ሱስ ይዞት ሥራውን የሚፈታበት ክፍል ለንባብ ክበብ የተጻፈ ነው የሚመስለው።

በእኔ አስተያየት ግን ከሁሉም ብዙ ያስተማረን ልቦለድ አይደለም። የጆ ጉልድ ታሪክ ነው። ጉልድ ሃርቫርድ የተማረ፣ ኋላ ኒውዮርክ ውስጥ ቤት አልባ ሆኖ የኖረ ሰው ነበር። ሰዎች ሲያወሩ የሰማሁትን ሁሉ በታላቅ መጽሐፍ እየጻፍኩ ነው ይል ነበር፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቃላት። ጋዜጠኛው ጆሴፍ ሚቼል እ.ኤ.አ. በ1942 ኒውዮርከር መጽሔት ላይ ጻፈለት፣ ጉልድም ታወቀ። ሰውየው በ1957 ከሞተ በኋላ፣ በ1964 ሚቼል ሁለተኛ ጽሑፍ አወጣ። በዚህኛው ያ ታላቅ መጽሐፍ የለም የሚል ድምዳሜ ላይ እንዴት እንደደረሰ፣ ያንንም ለዓመታት በሆዱ ይዞ እንደቆየ ተረከ። ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን ማንበብ ትልቅ ትምህርት ነው። ሰውየው ያው ነው፣ ተራኪውም ያው ነው፤ የተለወጠው ተራኪው የሚያውቀው ነገር ነው። ሚቼል ከዚያ በኋላ እስከሞተበት እስከ 1996 ድረስ ወደ መጽሔቱ ቢሮ ይመላለስ ነበር፣ አዲስ ጽሑፍ ግን አላወጣም።

ታሪኩ በዚህ አያበቃም። የታሪክ ምሁሯ ጂል ሌፖር እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተመችው መጽሐፍ ጉልድን ከመዛግብት ፈልጋ አወጣችው። እዚያ ኦገስታ ሳቬጅን እናገኛታለን። ሳቬጅ ጥቁር አሜሪካዊት ቀራፂ ናት። ጉልድ አልፈልግህም ብትለውም እየተከታተለ መግቢያ መውጫ አሳጥቷታል። በሚቼል ውብ ትረካ ውስጥ ይህ የለም። ጓደኞቹ «ጆ እኮ እንዲህ ነው» እያሉ ሲያልፉለት ዋጋውን እሷ ትከፍል ነበር።

ይህን ካነበብን ወዲህ ምርጫችን ላይ ሁለተኛ ጥያቄ ጨመርን፦ የሰውየውን ማፈንገጥ ዋጋ የሚከፍለው ማነው? ራሱ ነው? ሚስቱ ናት? ልጆቹ? መጽሐፉስ ይህን ያያል ወይስ ዓይኑን ይጨፍናል? በዚህ ጥያቄ ተጣርተው የቀሩ ብዙ መጻሕፍት አሉ። አፈንጋጩ ደስ የሚል ጌጥ ብቻ የሆነባቸው ናቸው። እንግዳ ኮፍያ ያደርጋል፣ ጥቅስ የሚመስል ነገር ይናገራል፣ መጨረሻ ላይ አንድ ብቸኛ ሰው ከሐዘኑ ያወጣና ታሪኩ ያልቃል። ለብቻ ለማንበብ ደስ ይላሉ። ለክበብ ሲመጡ ግን ሁሉም «ወድጄዋለሁ» ብሎ ዝም ይላል።

ከጉልድ ጋር አያይዘን የበዓሉ ግርማን «ደራሲው»ንም አነሳን። ዋናው ገፀ ባሕርይ ሲራክ የተቀረጸው ስብሐት ገብረ እግዚአብሔርን መነሻ አድርጎ ነው ሲባል ኖሯል። አንድ ደራሲ ወጣ ያለ ወዳጁን ልቦለድ ሲያደርገው ምን ይፈቀድለታል የሚለው ክርክር አላለቀልንም። ለብቻው ቀን ልንይዝለት ነው።

ስለ አመራረጡ ሂደት ጥቂት ልበል። መጽሐፍ የሚያቀርብ አባል ማስታወቂያውን ሳይሆን ሁለት ገጽ ያነብልናል፤ አንዱ ከመጀመሪያው፣ አንዱ ከመሀል። የተራኪው ድምፅ በዚያ ይታወቃል። ድምፅ የምንሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። አጭርና ረጅም እናፈራርቃለን። አንደኛ መደብ ተራኪ ሁለት ጊዜ አናከታትልም። ያልወደደው አባል ካለ ውይይቱን የሚከፍተው እሱ ነው፣ ይህም በጣም ሠርቶልናል።

ቀጣዩ የስፔናዊው ደራሲ የሰርቫንቴስ «ዶን ኪሆቴ» ነው። የምንጀምረው እ.ኤ.አ. በ1605 ከወጣው የመጀመሪያው ክፍል በተመረጡ ምዕራፎች ነው፤ ዶን ኪሆቴ ግዙፍ ሰዎች መስለውት የሚገጥማቸው የነፋስ ወፍጮዎች እዚያ ናቸው። በ1615 የወጣውን ሁለተኛውን ክፍል ግን ሙሉውን እናነባለን። እዚያ አንድ መስፍንና ሚስቱ የመጀመሪያውን ክፍል አንብበው ዶን ኪሆቴን ያውቁታል፣ ቤታቸው ተቀብለውም መጫወቻ ያደርጉታል። እነሱም እንደኛው አንባቢዎች ናቸው። ለዚያ ውይይት ያዘጋጀነው ጥያቄ «በየትኛው ገጽ ላይ መሳቅ አቆማችሁ?» የሚል ነው። ያነበባችሁት ካላችሁ የእናንተን ገጽ ብትነግሩን ደስ ይለናል። ልጅ ስለ አፈንጋጭ እናቱ ወይም አባቱ የጻፈው ጥሩ ግለ ታሪክ የምታውቁ ከሆነም ጠቁሙን፣ በዝርዝራችን ላይ የጎደለው እሱ ነው።