ሪጎሬ አንመታም ያሉት ሰዎች

ታኅሣሥ 2005፣ እሁድ ከምሳ በኋላ። (ይቺ በእኛ አቆጣጠር ናት፤ ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ የፈረንጅ ናቸው።) ሰፈራችን ያለው ዲኤስቲቪ ቤት ተጨናንቀን ቼልሲ የብራዚሉን ኮሪንቲያንስ ረትቶ የዓለም ክለቦችን ዋንጫ ሲያነሳ ልናይ ተቀምጠናል። እኔ የቼልሲ ደጋፊ ነኝ፤ ማኪያቶም አስይዣለሁ። 69ኛው ደቂቃ ላይ ጌሬሮ የሚባል ፔሩአዊ በጭንቅላቱ ገጭቶ አገባ። ካሲዮ የሚባለው በረኛቸው ደግሞ ያን ቀን ግድግዳ ሆኖ ዋለ። 1 ለ 0። ኮሪንቲያንስ ዋንጫውን ይዞ ወደ ሳኦ ፓውሎ፣ እኔም ማኪያቶዬን ከፍዬ ወደ ቤቴ።

ማታ ንዴቴ ሳይበርድ "እነዚህ ሰዎች ግን ከየት መጡ?" ብዬ ጎግል ከፈትኩ። ስሙን ተከትዬ ስሄድ የደረስኩት ብራዚል አይደለም። ደቡብ ምዕራብ ለንደን፣ ቶልዎርዝ የሚባል ሰፈር ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ ሜዳ ላይ ነው። የክለቡ ስም ኮሪንቲያን ካዡዋልስ። ከፕሪሚየር ሊጉ ብዙ ደረጃ ዝቅ ብሎ የሚጫወት፣ ለተጫዋቾቹ አምስት ሳንቲም የማይከፍል ክለብ። የብራዚሉ ግዙፍ ስሙን ያገኘው ከዚህ ቤት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው በ1882 ነው። ያኔ ስኮትላንድ እንግሊዝን ደጋግማ ትቀጠቅጣት ነበር። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ረዳት ጸሐፊ የነበረው ኒኮላስ ሌን ጃክሰን ይሄ ነገር አንገበገበው። ከኦክስፎርድ፣ ከካምብሪጅና ከሀብታም ትምህርት ቤቶች የወጡትን ጎበዝ ልጆች ሰብስቦ፣ አብረው እየተጫወቱ እንዲግባቡ ኮሪንቲያንን መሠረተ። ዘዴው ሠራ። በ1884 የኤፍ ኤ ካፕን ያነሳውን ብላክበርን ሮቨርስን 8 ለ 1 አሸነፉ። በ1894 እና በ1895 ከዌልስ ጋር የተጫወተው የእንግሊዝ ቡድን አሥራ አንዱም የኮሪንቲያን ልጆች ነበሩ። በ1904 ደግሞ በወዳጅነት ጨዋታ ማንችስተር ዩናይትድን 11 ለ 3። (የዩናይትድ ደጋፊ ጓደኞቼ፣ ይቺን ለእናንተ ብዬ ነው የጻፍኳት።)

ግን ዋንጫ አያሳድዱም ነበር። ደንባቸው ለዋንጫና ለሽልማት መወዳደርን ይከለክል ነበር። ለጨዋታው ፍቅር ብቻ ነው፣ አለቀ።

እኔን ያሳቀኝ ግን የሪጎሬው ነገር ነው። ፍጹም ቅጣት ምት ሕግ ሆኖ የገባው በ1891 ነው። ኮሪንቲያኖቹ እንደ ስድብ ቆጠሩት። ጨዋ ሰው እንዴት ሆን ብሎ ሰው ይጠልፋል? እና እንደሚባለው፣ ሪጎሬ ሲሰጣቸው ኳሷን ሆን ብለው ወደ ውጭ ይልኳታል፤ ሲሰጥባቸው ደግሞ በረኛው ከጎሉ ዞር ብሎ "እንካ አግባ" ይላል። እኔ ያደግኩበት ሜዳ ላይ በአንድ ሪጎሬ ምክንያት ሁለት ሰፈር ለወራት ተኳርፎ ያውቃል። "ጨዋታ" የሚለው ቃል ውስጥ "ጨዋ" እንዳለ ያየሁት እነዚህን ሰዎች ካነበብኩ በኋላ ነው፣ እውነት ለመናገር።

ደግሞ ብዙ አናሞግሳቸው። ደሞዝ የማያስፈልገው ሰው ደሞዝ መቀበል ነውር ነው ለማለት ይቀለዋል። ከሰሜን እንግሊዝ ፋብሪካ ወጥቶ ኳስ ለሚጫወት አባወራ ግን ያቺ ክፍያ እንጀራ ነበረች። ጨዋነቱ ውስጥ ንቀትም ነበረበት።

ንቀቱ ዋጋ አስከፈላቸው። በ1907 አማተሮቹ (ያለ ደሞዝ የሚጫወቱት) ከእግር ኳስ ማኅበሩ ጋር ተጣልተው ሲለዩ ኮሪንቲያንም አብሮ ወጣ፤ ስለዚህ አገር ውስጥ ከጠንካሮቹ ፕሮፌሽናል ክለቦች ጋር መጫወት ቀረ። ምን ይሁን? ሻንጣ ማንሳት፣ ባሕር መሻገር። በ1910 ብራዚል ገቡና ያገኙትን ሁሉ ሲያሸንፉ ከተመልካቾቹ መካከል ቦም ሬቲሮ የሚባለው የሳኦ ፓውሎ ሰፈር ወዛደሮች ነበሩ። ያኔ እዚያም ኳስ የሀብታም ልጆች ጨዋታ ነበር። እነዚህ ሠራተኞች ግን በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 1 ቀን 1910 የራሳቸውን ክለብ መሥርተው በእንግሊዞቹ ስም ጠሩት። ደሞዝተኛ ተጫዋች የሚንቁ ከበርቴዎች ስም፣ በላብ አደሮች ክለብ ላይ! ብራዚላውያን ዛሬም "የሕዝብ ቡድን" ነው የሚሉት።

በ1914 ኮሪንቲያኖቹ እንደገና ወደ ብራዚል መርከብ ተሳፈሩ። ባሕር ላይ እያሉ ጦርነት መነሣቱን ሰሙና እንደደረሱ ተመልሰው ሄዱ። ከዚያ ትውልድ ብዙዎቹ ግንባር ላይ ቀሩ። ክለቡም ወደ ድሮ ቁመናው አልተመለሰም። በኋላ ደንቡን አላልቶ ኤፍ ኤ ካፕ ገባ፣ በ1924 ብላክበርንን 1 ለ 0 አሸነፈ፣ ከዚያ እየደከመ ሄደ። በ1939 ካዡዋልስ ከሚባል ሌላ የአማተር ክለብ ጋር ተዋሃደ። ስሙ የተጣመረው ለዚህ ነው።

ስም ሰጪውና ስም ተቀባዩ ሜዳ ላይ የተገናኙት በ1988 ነው። ከ78 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ፓካኤምቡ ስታዲየም፣ ከብራዚሎቹ ወገን ሶቅራጥስ፤ አዎ፣ ያ ሐኪሙ፣ የ1982 ብራዚል አምበል። ብቸኛዋን ጎል እሱ አገባ። ከዚያ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ማልያውን ቀይሮ ለእንግሊዞቹ ተጫወተ። በ2015 እንደገና ሄዱ። ለዓለም ዋንጫ በተሠራው አዲሱ ስታዲየም፣ ከሥራቸው ፈቃድ ወስደው የመጡ ልጆች ከሁለት ዓመት በፊት ቼልሲን ካሸነፈው ክለብ ጋር ተጫውተው 3 ለ 0 ብቻ ተሸነፉ። እኛ በቢሊየነር ገንዘብ 1 ለ 0፣ እነሱ በነጻ 3 ለ 0። አስቡት።

በ2018 የለንደንና አካባቢዋ ትናንሽ ክለቦች ወደሚጫወቱበት ኢስሚያን ሊግ ዋናው ዲቪዚዮን ለማደግ ከዋልተን ካዡዋልስ ጋር የመጨረሻውን ጨዋታ ተጫወቱ። ሳይሸናነፉ አለቀና መለያ ምት ሆነ። የእነዚያ ሰዎች የልጅ ልጆች ኳሷን ነጥቧ ላይ አስቀመጡ። ማንም ወደ ውጭ ልላካት አላለም። በረኛውም ከጎሉ አልተነቃነቀም። በሪጎሬ ተሸነፉ።