በፊት ጎማ ብቻ ከኮምቦልቻ ደሴ፦ የዲፌንደር ጥገና ማስታወሻ

ወዳጆች፣ አሮጌዋን ላንድ ሮቨር ዲፌንደር በራሴ መጠገን እየተማርኩ ነው፤ የዚህ ጊዜ ትምህርት የኋላው ትራንስሚሽን፣ ማለትም ኃይልን ወደ ኋላ ጎማዎች የሚያደርሰው ረጅም ዘንግ ነበር። ጋዝ ስረግጥ ከሥር ኳ ይላል፣ ፍጥነት ስጨምር ወለሉ ይንቀጠቀጣል። ኮምቦልቻ ላይ ክሮቼራውን (የዘንጉን መስቀል ቅርጽ ያለው መጋጠሚያ) ፈትቼ ሳየው ግሪስ የሚባል ነገር አልቀረውም፤ መርፌ ኩሽኔታዎቹ ደቀው እንደ በርበሬ የቀላ ዱቄት ሆነዋል። ምትኩ ገበያ ላይ ስላልተገኘ ዘንጉን ከኋላ ጭኜ በፊት ጎማዎች ብቻ ወደ ደሴ ለመውጣት ወሰንኩ።

ዲፌንደር ሁልጊዜ አራቱንም ጎማ ትነዳለች። ከካምቢዮው ቀጥሎ ያለው ትራንስፈር ኃይሉን በመካከለኛው ዲፈረንሻል በኩል ለፊትና ለኋላ ዘንግ ያካፍላል። ዲፈረንሻል ደግሞ ኃይሉን የሚለቀው ወደ ቀለለው ወገን ነው። የኋላው ዘንግ ሲወጣ ያ ወገን ባዶውን ይሽከረከራል፤ ሞተሩ ቢጮህም መኪናዋ ንቅንቅ አትልም። መፍትሔው ከሾፌሩ አጠገብ ያለውን የትራንስፈሩን ማርሽ እጀታ ወደ ግራ ገፍቶ ዲፈረንሻሉን መቆለፍ ነው። ሁለቱም ትራንስሚሽኖች ታስረው ሳለ ደረቅ አስፋልት ላይ መቆለፍ ክልክል መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። አንዱ ከወጣ ግን የፊትና የኋላ ጎማ መጓተት ስለማይኖር አስፋልቱ ላይ ቆልፎ መንዳት አይጎዳም።

አጥብቄ የምለምናችሁ ስለ እጅ ፍሬኑ ነው። የአሮጌዋ ዲፌንደር የእጅ ፍሬን የሚይዘው ጎማ አይደለም፤ ትራንስፈሩ ጀርባ፣ የኋላው ትራንስሚሽን የሚታሰርበትን ታምቡር ነው። ትራንስሚሽኑ ከወጣና ዲፈረንሻሉ ካልተቆለፈ የእጅ ፍሬን ብቻውን መኪናዋን አይዝም። ማርሽ ውስጥ መተው ብቻውንም አይዝም። ሲቆለፍ የፊት ጎማዎቹ ይያዛሉ፣ የኋላዎቹ ግን ነጻ እንደሆኑ ይቆያሉ። እንደ ደሴ ባለ ተዳፋት ከተማ ይህን ሳያውቁ መኪና አቁሞ መሄድ የሰው ሕይወት ያስከፍላል። እኔ ቡሎን ከመንካቴ በፊት ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በትልልቅ ድንጋይ አስደግፌአለሁ፤ ደሴ ከደረስኩም በኋላ ድንጋዩ ከሥሯ አልተነሣም።

አፈታቱ ቀላል ነው፤ በየጫፉ 4 ቡሎን፣ ለዳዶው 9/16 ቁልፍ። ሲገጠም በነበረበት እንዲመለስ መጋጠሚያዎቹን በቀለም ምልክት አድርጉባቸው።

መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደሴ በ2,500 ሜትር ከፍታ አካባቢ ስለሆነች አብዛኛው ዳገት ነው። ሐረጎ ላይ ልዩነቱ በእጄ ተሰማኝ። ዳገት የመኪናውን ክብደት ወደ ኋላ ይወስደዋል፣ የሚጎትቱት ግን የቀለሉት የፊት ጎማዎች ናቸው። ጠጠር የተበተነበት ኩርባ ላይ የውስጠኛው ጎማ ባዶውን ሲዞር መሪው በእጄ ውስጥ ተወራጨ፤ ጋዙን ላላ ሳደርግለት ያዘ። ዝናብ ቢሆን ኖሮ አልነሣም ነበር። መሪ እስከ ጥግ አዙሮ ጋዝ መርገጥና የትራንስፈሩን ከባድ (ዝቅተኛ) ማርሽ ማስገባትም አይገባም፤ ሙሉው ኃይል የሚያርፈው የፊት መጋጠሚያዎች ላይ ብቻ ነው። ኤሌክትሮኒክስ ኃይል የሚያከፋፍልላቸው አዳዲስ መኪኖች አሠራር ሌላ ስለሆነ ይህን እነርሱ ላይ አትሞክሩ።

ቀጣዩ ሥራ አዲሱን ክሮቼራ በሞርሳ መግጠም ነው። የድሮውን የኩሽኔታ ኩባያ፣ የሚገባበትን የዘንጉን ጆሮ ሳያጣምም ያወጣ ሰው ካለ አሠራሩን ቢያካፍለኝ ደስ ይለኛል።